ስለ በረራ ማስመሰያና ስለ አንድ ደብተር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፣ በወላጆች ቀን፣ በበረራ ክበብ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)






ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ አንዱ ስለ እንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ ሌላይቱ ስለ ንጹሕ ውሃ ጥቅም ሲያስረዱ ሰምታችኋል። የእኔ ርእስ ግን የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ይህንኑ ለአባቴ በነገርኋቸው ጊዜ «በበዓል ቀን ደግሞ ስለ ጨዋታ ይነገራል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አባቴ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ መልሴን ከእናንተ ጋር አብረው እንዲሰሙልኝ እለምናቸዋለሁ።

ትምህርት ቤታችን ያለበትን ቦታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከኋላችን የእንጦጦ ተራራ ቆሟል፤ ከፊታችን ደግሞ የካ ቁልቁል ወደ መገናኛ፣ ከዚያም ከተማው ወደ ቦሌ ይዘረጋል። ሰማዩ በጠራ ጊዜ ወደ ቦሌ የሚወርዱት አይሮፕላኖች ከክፍላችን መስኮት ይታያሉ። መምህር ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ሲመልሱ የእኛ ዓይን ወደ መስኮቱ የሚመለስበት ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ዛሬ በአደባባይ በመናገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን ይህን ነገር ደርሰውበት ሳይቆጡ ጥያቄ ጠየቁን። «ያ አይሮፕላን በባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ቢነሣና ከቦሌ ቢነሣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉ። የመለሰ አልነበረም። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚደገፈው በአየር፣ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ስለ ሆነ፣ አይሮፕላኑ ለመነሣት ብዙ መንደርደር ይኖርበታል። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አየሩ ከዚህም ይብሳል። በየማለዳው ተራራውን በሩጫ የሚወጡት አትሌቶቻችን ሳንባቸውን የሚያጠነክሩበት ያው አየር ሞተርን ያደክማል ማለት ነው። የበረራ ክበባችን ከዚያ ትምህርት የተነሣ ተመሠረተ።

አይሮፕላን የሌለው የበረራ ክበብ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ለዚህ ነው ማስመሰያ የተፈጠረው። ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ፣ አባቱ የኦርጋንና የፒያኖ ፋብሪካ ነበራቸውና፣ ኦርጋኑን በሚነፋው ወናፍ አማካይነት ወዲያና ወዲህ የሚያዘነብል አንዲት ትንሽ የእንጨት አይሮፕላን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ሠራ። መጀመሪያ ብዙ ሰው የልጆች መጫወቻ ነው ብሎ ናቀው። ኋላ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ የሚሆኑ በራሪዎች በእርሱ መኪና ሠለጠኑ። ዛሬም የአየር መንገዳችን አብራሪዎች መንገደኛ ከመጫናቸው በፊት በማስመሰያ ውስጥ ገብተው ሞተር ሲጠፋ፣ ጎማ አልወርድ ሲል ምን እንደሚያደርጉ ይለማመዳሉ። እንግዲህ አባቴ፣ ጨዋታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ለማለት ያህል ነው።

የእኛ ታሪክ ግን የተጀመረው ከአንድ ሣጥን ነው። ከአባሎቻችን የአንዱ አጎት ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ትተውት በሄዱት ሣጥን ውስጥ ከካሴቶችና ከአሮጌ መጻሕፍት ጋር አንድ ዲስክ ተገኘ። «ፋልከን 4» ይላል። ይህም በፈረንጆች 1998 ማይክሮፕሮዝ የተባለው ኩባንያ ያወጣው የኤፍ 16 አይሮፕላን ማስመሰያ ሲሆን፣ ጦርነቱ የሚካሄደው በኮሪያ ምድር ነው፤ ጦርነቱም በእውነት የሆነ ሳይሆን ቢሆን ተብሎ የታሰበ ነው። ኮሪያ የሚለውን ስም ሲሰሙ የታሪክ መምህራችን ወዲያው ስለ ቃኘው ሻለቃ አወሩልን። በእውነተኛው የኮሪያ ጦርነት 121 ኢትዮጵያውያን መሞታቸውን፣ ከዘማቾቹም አንድ ስንኳ አለመማረኩን ነገሩን። ይህን ቃል አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዲስኩ ተፋፍቆ ስለ ነበር በብዙ ልመና ነው የተከፈተው። ሥዕሉ ዛሬ ለለመደ ዓይን ያስቃል፤ ተራራው እንደ ታጠፈ ወረቀት ነው። ነገር ግን በውስጡ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘንበት፤ ጦርነቱ ሰውን አይጠብቅም። አንተ ብትበርም ባትበርም ውጊያው ይቀጥላል። ዛሬ የፈረሰ ድልድይ ነገም ፈርሶ ይገኛል፤ የጠላት ታንክም በዚያ መንገድ አያልፍም። ዛሬ ያጠፋኸው አይሮፕላን ነገ ከስኳድሮንህ ውስጥ ይጎድላል። ዘመቻ ማለት ይህ መሆኑን ያን ጊዜ ገባን። አንድ ውጊያ ብቻውን ግጥሚያ ነው፤ ዘመቻ የሚሆነው የትናንቱ ጉዳት ዛሬ ሲቆጠር ነው።

ከዚያ በኋላ ዲሲኤስ የሚባለውን የዛሬውን ማስመሰያ አገኘን። መሠረቱ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ አይሮፕላኖቹ ግን ለየብቻቸው ይሸጣሉ። በአይሮፕላኑ ክፍል ውስጥ ያለው አብዛኛው ማብሪያና ማጥፊያ ይሠራል፤ ሞተሩን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ካላስነሣኸው አይነሣልህም። ይሁን እንጂ ግዳጆቹን በተራ ማስከተል ይቻላል እንጂ እንደ አሮጌው ጨዋታ ጦርነቱ ራሱ የጉዳቱን ሒሳብ እየያዘ ሲሄድ አላገኘንም። ውበት አለው፤ ትዝታ የለውም። ስለዚህ የአሮጌውን ዘመቻ ትዝታ ወደ አዲሱ ለማዛወር ተነሣን። ብልሃታችን እጅግ ቀላል ነበር፤ ባለ ሁለት መቶ ገጽ ደብተር ገዛን። ጽሑፌ ይነበባል ተብሎ ደብተሩ ለእኔ ተሰጠ። እንደዚህ ያለ ሹመት ጠላት እንደሚያበዛ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

በደብተሩ ላይ የአይሮፕላኑን ቁጥር፣ የነዳጁን ልክ፣ የሚሳይሉን ብዛት፣ የአብራሪውን ስምና ውጤቱን እጽፋለሁ። የተጎዳ አይሮፕላን ሁለት ቅዳሜ አይበርም። የወደቀ ግን ወድቋል፤ በምትኩ አይመጣም። ግዳጅ ከመጀመሩ በፊት ደብተሩን ከፍቼ የቀረውን አነባለሁ፤ ከዚያ በኋላ በማስመሰያው ውስጥ የግዳጁን አዘጋጅ ከፍተን በደብተሩ የተጻፈውን ያህል ብቻ እናሰልፋለን። መብራት የጠፋ እንደ ሆነም «በአየር ጠባይ ምክንያት በረራ የለም» ብዬ እጽፋለሁ። የዚህን ዓመት ደብተር ያየ ሰው ክረምቱ እጅግ የከበደ ነበር ሊል ይችላል።

በዚህ አኳኋን ኮሪያን ሦስት ቅዳሜ ያህል እንደ ሞከርን የታሪክ መምህራችን «ያልሆነውን ጦርነት ይህን ያህል ከደከማችሁበት፣ የሆነውንስ?» አሉን። የአየር ኃይላችን አብራሪዎች በኤፍ 5 አይሮፕላን፣ የሶማሊያ አብራሪዎች ደግሞ በሚግ አይሮፕላን የተዋጉበት የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት አለ። ኤፍ 5 ኢ እና ሚግ 21 ደግሞ ሁለቱም በዚህ ማስመሰያ ውስጥ አሉ። ዋጋቸው በዶላር ስለ ሆነ ለእኛ የሚደፈር አልነበረም፤ ሣጥኑን ትተው የሄዱት አጎት ይህን ሰምተው ሁለቱንም ካሉበት አገር ገዝተው ሰጡን። እዚህ ሆኜ በሁላችሁም ፊት አመሰግናቸዋለሁ።

ችግሩ ምድሩ ነበር። የማይክሮሶፍት የበረራ ማስመሰያ የዓለምን መልክ ከሳተላይት ሥዕል ስለሚያመጣ በእርሱ እንጦጦን ዞረን ወደ ቦሌ ልናርፍ እንችላለን፤ ድሬዳዋም ካራማራም አለ፤ ነገር ግን የጦር መሣሪያ የለውም። ዲሲኤስ መሣሪያ አለው፤ የእኛ ምድር የለውም። እኛ ሁለቱንም ተጠቀምን። ቅዳሜ ጧት አብራሪው በመጀመሪያው ማስመሰያ ከድሬዳዋ ተነሥቶ እስከ ጅግጅጋ ድረስ ያለውን መንገድ፣ ሸለቆውንና የካራማራን በር ያጠናል። ከሰዓት በኋላ በሁለተኛው፣ ያለ ክፍያ በተገኘው የካውካስ ምድር ላይ፣ በወረቀት ባሰመርነው ካርታ መሠረት ይዋጋል። የካውካስ ማረፊያዎች ዝቅተኛ ስለ ሆኑ አይሮፕላኑ እንደ ወፍ ይነሣልናል፤ ይህ ደግሞ ለድሬዳዋ ውሸት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ሙቀቱም የታወቀ ነው። ስለዚህ በግዳጁ አዘጋጅ ውስጥ ሙቀቱን ከፍ፣ የአየሩን ግፊት ደግሞ የተፈቀደልንን ያህል ዝቅ አደረግን። ያን ዕለት አንዱ ጓደኛችን ሁለት ሚሳይልና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ሲንደረደር የኤፍ 5ን የፊተኛ እግር ከፍ የምታደርገውን ማብሪያ ረሳ። አፍንጫው አልነሣ ብሎ መንደርደሪያውን ጨርሶ ገደል ገባ። በደብተሩ ላይ አንድ አይሮፕላን ሰረዝሁ። ከጠላት ጋር ገና አልተያየንም ነበር።

የጀመርነው በስምንት ኤፍ 5 ኢ ነው። ሶማሊያ ከሶቪየት ኅብረት ያገኘቻቸው ሚጎች በቁጥር ይበልጡ ነበር። ሚግ 21 በፍጥነት ይቀድማል፤ ኤፍ 5 ደግሞ በዝግታ ሲታጠፍ ይሻላል። ስለዚህ ሚጉ ሮጦ መትቶ ሊያልፍ፣ ኤፍ 5ቱ ወደ መዞር ሊስበው ይፈልጋል። ሁለቱም ነዳጃቸው ጥቂት ስለ ሆነ ክርክሩ ረዥም አይሆንም። የሚሳይላቸው ነገር ደግሞ ለጨዋታ የሚመች ታሪክ አለው። በፈረንጆች 1958 በታይዋን ወሽመጥ በተደረገ ውጊያ አንድ ሳይድዋይንደር የሚባል የአሜሪካ ሚሳይል በቻይና ሚግ 17 ገላ ውስጥ ተሰክቶ ሳይፈነዳ ቀረ። አይሮፕላኑ ይዞት አገሩ ገባ። ሶቪየቶችም ፈትተው መርምረው አምሳያውን ሠሩ። እንግዲህ በኦጋዴን ሰማይ ላይ ሁለቱ ወገኖች የተወራወሩት ሚሳይል የአጎት ልጅና የአጎት ልጅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እንደ አንድ የጦርነት ሳምንት እየተቆጠረ ዘመቻው ቀጠለ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ የተያዘችበት ሳምንት ሲደርስ ማንም አልሳቀም። አብራሪዎቻችን በሰማይ ቢያሸንፉም ከተማይቱ በካርታችን ላይ ቀለሟን መለወጥ ነበረባት፤ ታሪኩ እንደዚያ ነውና።

በዘጠነኛው ቅዳሜ የሆነውን ግን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ከሁላችንም የተሻለ አብራሪ የነበረ አንድ ጓደኛችን አለ። ስሙን እንዳልጠራ ስለ ለመነኝ በደብተሩ ቁጥሩ ቁጥር ሦስት እለዋለሁ። ያን ዕለት አንድ ሚግ ሸሽቶት ተከተለው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የነዳጁን መጠቆሚያ እያየሁ «ተመለስ» አልሁት። «አንድ ደቂቃ» አለኝ። ሁለተኛ «ተመለስ» አልሁት። ሚጉን መታው፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ አንደኛው ሞተር ጠፋ፤ ወዲያው ሁለተኛው። በጃንጥላ ወረደ። የወረደበትን ቦታ በካርታው ላይ ስናየው ካሰመርነው መሥመር በስተምሥራቅ በጣም ርቆ ነበር። ደብተሩን ከፍቼ በስሙ ትይዩ «ተማረከ» ብዬ ጻፍሁ።

«እሺ፤ አሁን አዲስ ስም ጻፊልኝ» አለኝ። በአሮጌው ጨዋታ እንደዚያ ነበርና። አዲስ ስም ትጽፋለህ፤ አዲስ ሰው ትሆናለህ፤ ትበርራለህ። እኔ ግን እጄ አልጽፍም አለኝ። የደብተሩ ሕግ የጠፋ አይመለስም የሚል ነው፤ ይህን ሕግ ለአይሮፕላን ያወጣን ሰዎች ለአብራሪ ልንረሳው ነው ወይ? ክርክሩ እስከ ምሽት ድረስ ቆየ። ከፊሉ «ጨዋታ ነው፤ ልጁን አታስከፊው» አለ። ከፊሉ ደግሞ እንደ እኔ አሰበ። በመጨረሻ ጉዳዩን ወደ ታሪክ መምህራችን ወሰድነው። እርሳቸውም አዎንም እምቢንም ሳይሉ ስለ አንድ ሰው ነገሩን።

ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራ በዚያ ጦርነት ከታወቁት የኤፍ 5 አብራሪዎች አንዱ ናቸው። የጠላት አይሮፕላኖችን በአየር ላይ መትተው ጥለዋል። በጦርነቱ ጊዜ እርሳቸውም አይሮፕላናቸው ተመትቶ በሶማሊያ እጅ ወደቁ። ጦርነቱ በ1970 ዓ.ም. አለቀ፤ እርሳቸው ግን አልተመለሱም። ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ስምምነት እስኪያደርጉና ምርኮኞች እስኪለዋወጡ ድረስ 11 ዓመት ያህል ታሠሩ። መምህራችን ይህን ተናግረው ሲያበቁ ቁጥር ሦስት በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። አሥራ አንድ ዓመት ማለት አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ አሥራ አንደኛን እስኪጨርስ ያለው ጊዜ ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ሁለት ቅዳሜ አልመጣም። በክፍል ውስጥም አያነጋግረኝም ነበር። እኔም እቤቴ ገብቼ ደብተሩን እያየሁ ያን አንድ ቃል ለመሰረዝ ላጲስ ያነሣሁበት ሌሊት እንደ ነበረ አልደብቃችሁም። በቃኘው ዘመቻ አንድ ሰው እንዳልተማረከ ስንሰማ እንዴት እንደ ኮራን አሰብሁ። የተማረከውንስ ሰው ከዚያ ኩራት ውስጥ የት እናስቀምጠዋለን? ላጲሱን መልሼ አስቀመጥሁት።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት ጓደኛችን አያቷን ይዛ መጣች። እኒህ ሽማግሌ በአየር ኃይል ውስጥ በጦር መሣሪያ ቴክኒሺያንነት ያገለገሉ ናቸው። ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን። ወንበር ሰጠናቸው፤ መነጽራቸውን ጠርገው ጨዋታውን ተመለከቱ። አንዱ ልጅ ከግዳጅ ተመልሶ አረፈ፤ በሬዲዮ አዘዘ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነዳጁ ሞላ፣ ሚሳይሉም ከክንፉ ጫፍ ተሰቀለ።

«ማን ሞላው?» አሉ አባባ።

«ራሱ ይሞላል» አልናቸው።

«ሚሳይሉንስ ማን አነሣው?»

ዝም አልን። ሚሳይሉ ከ70 ኪሎ በላይ ነው። እርሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው በየት በየት በኩል እንደሚያዝ፣ በፀሐይ የጋለ ብረት መዳፍን እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ቁልፍ ሲፈቱ የወደቀች አንዲት ብሎን ሳትገኝ አይሮፕላኑ እንደማይነሣ አሳዩን። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በደብተሩ ላይ «የምድር ሠራተኞች» የሚል አንድ ዐምድ ተጨመረ። ከበረራ የቀሩት አባሎች ለእያንዳንዱ አይሮፕላን የዝግጅቱን ዝርዝር በወረቀት እየሞሉ ካልፈረሙ አይሮፕላኑ አይነሣም። መጀመሪያ የተማረረ ብዙ ነበር።

ያን ቅዳሜ ቁጥር ሦስት ተመልሶ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። አባባ ደብተሩን ከእጄ ተቀብለው ገጹን ሲያገላብጡ «ተማረከ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይኼ ማነው?» አሉ። ጓደኞቼ ሁሉ ወደ በሩ ተመለከቱ። አባባም ልጁን ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጡትና እንዲህ አሉት። «ልጄ፤ አይሮፕላን ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር እኛ ከቆመበት ቦታ አንሄድም ነበር። ታኮውን ይዘን፣ መሰላሉን ይዘን እንቆማለን። ነዳጁ የሚያልቅበትን ሰዓት እናውቀዋለን፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላም እንቆማለን። ሂዱ የሚለን አለቃም እርሱ ራሱ አይሄድም።» ሌላ አልጨመሩም። ለእኔም ትክክል ነሽ አላሉኝም፤ ተሳስተሻልም አላሉኝም። ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ቁጥር ሦስት ከዚያ ወዲያ አንድም ቅዳሜ አልቀረም። ግን አልበረረም። ግድግዳው ሥር አንድ ወንበር ነበረው፤ እዚያ ተቀምጦ የዝግጅቱን ወረቀት ይሞላል። ወንበሩን ሌላ ሰው ሲቀመጥበት አይቼ አላውቅም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱንም ሳልናገር ባልፍ ደብተሩን የጎዳሁት ይመስለኛል። ከክፍላችን ልጆች አንዱ ቤተሰቡ ከጅግጅጋ ነው፤ ሶማሊኛ ይናገራል። በኅዳር ወር ክበባችንን ሊያይ መጣና ደብተሩን አንብቦ «የሚጉ አብራሪ ስሙ ማነው?» አለኝ። በደብተሬ ላይ የእኛ ወገን በየስሙ ተጽፎ ሳለ በማዶው በኩል ያሉት ግን ጠላት አንድ፣ ጠላት ሁለት እየተባሉ ነበር። «አያቴ ያን ዓመት ከብት ይጠብቁ ነበር። ሁለቱም አይሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ ዛፍ ሥር ይተኙ ነበር፤ የማን እንደ ሆነ ለማየት ቀና አይሉም» አለኝ። ስም መፍጠር አልፈለግንም፤ የሰው ስም ዝም ብሎ አይፈጠርም። ስለዚህ ጠላት የሚለውን ቃል አጥፍቼ በእያንዳንዱ ሚግ ትይዩ ለስም የሚሆን ባዶ መሥመር አሰመርሁ። ልጁም ክበቡን ተቀላቀለ፤ የከተማና የመንደር ቦምብ ድብደባ ያለበት ግዳጅ እንዳናዘጋጅ ያሳሰበን እርሱ ነው፤ አላዘጋጀንምም።

ቀጥሎ ያለውን ባጭሩ ልጨርሰው። በጦርነቱ መካከል የወዳጅና የጠላት ቦታ ተለዋወጠ፤ ሶቪየት ኅብረት ሶማሊያን ትታ ኢትዮጵያን ማስታጠቅ ጀመረች፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። ስለዚህ ወራት ሙሉ ስንሸሸውና ስናሳድደው የቆየነው ሚግ 21 በደብተሩ በእኛ በኩል ተመዘገበ። አብራሪዎቻችን ሁሉ ከሀ ሁ ጀመሩ። የመሣሪያዎቹ ጽሑፍ በሩሲያ ፊደል ስለ ነበር ከአባሎቻችን አንዱ ፊደሉን አጥንቶ በወረቀት ጽፎ ከስክሪኑ አጠገብ ለጠፈልን፤ በዚያ ሰሞን የእንግሊዝኛ ፈተናውን ወድቆ ነበር ይባላል።

ባለፈው ሳምንት ደብተራችን የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ላይ ደረሰ። ይህም ካራማራና ጅግጅጋ የተመለሱበት ቀን ነው። ከስምንቱ ኤፍ 5 የቀሩልን ሦስት ናቸው። በመጨረሻው በረራ የሚተኮስበት አልነበረም፤ አንዲት ጓደኛችን አይሮፕላኑን ዞራ አሳረፈችው፤ ባባዶው መሥመር ያሉት ሚጎችም ሳይነሡ ዋሉ። ደብተሩን ልዘጋ ስል ቁጥር ሦስት ከወንበሩ ተነሥቶ «እኔ ገና ነኝ» አለኝ። በእርግጥም ገና ነበር። ጦርነቱ አልቆ የተማረከው አልተመለሰም። ራሱ ሒሳቡን ሠርቶ መጥቷል፤ ለአሥራ አንዱ ዓመት አሥራ አንድ ቅዳሜ። አሥራ አንደኛው ቅዳሜ የሚውለው በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። ያን ዕለት በአንድ ኤፍ 5 እንዲበር ሁላችንም ተስማምተናል፤ አባባም ታኮውን የማነሣው እኔ ነኝ ብለዋል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ቁጥር ሦስት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሆነ በመስከረም የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ አይደለም። ተማሪ ያልሆነ ሰው ደግሞ ያለ ፈቃድ በበሩ አይገባም፤ ዘበኛችን ጋሼ ይህን ሕግ እንዴት እንደሚጠብቁት ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ፣ ክቡር ርእሰ መምህር፣ በመስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ፊዚክስ ክፍል እንዲገባ ፈቃድዎ ይሆን ዘንድ በክበባችን ስም እለምናለሁ። ወረቀቱን አዘጋጅቼ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ አጣብቄዋለሁ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።